መርሳቱን የመዘነ ሰው

ሐሳባችንን ገና ሳናስበው የሚያውቅ እግዚአብሔር አንደበቴን ከከንቱ ነገር ይጠብቅ፤ የሚሰማውንም ልብ ያጽና።

ዲያቆን ኅሩይ፣ ትናንት ከማኅሌት ስንወጣ «የኔታ፣ ጸሎቴ ከቀን ወደ ቀን እየቀዘቀዘ መሄዱን አውቃለሁ። እንዴት እንደሚቀዘቅዝም ደረጃ በደረጃ ልነግርዎ እችላለሁ። ይህን ማወቄ አያድነኝምን?» ብለህ ጠየቅኸኝ። እንግዲህ ስማኝ።

አንድ ሰው ነበረ። በባሕር ማዶ ባለች ከተማ የሚኖር ሊቅ ነበረ። ከእርሱ በፊት የነበሩ ጠቢባን ስለ ሰው ልቡና በቃል ይከራከሩ ነበር እንጂ ልቡናን እንደ ወርቅ በሚዛን ለመፈተን የደፈረ አልነበረም። እርሱ ግን ደፈረ። የሚፈትነውም ሌላ ሰው አልነበረም፤ ራሱን ነበር። ሊያውቅ የወደደው አንድ ነገር ነው፤ ሰው የተማረውን እንዴት እንደሚረሳ።

ትርጉም ያለው ቃል ልብን ይዞ ይቀራልና፣ መርሳትን ብቻውን ለማየት ትርጉም የሌላቸው ድምፆችን አበጀ። እነዚያንም እንደ ዳዊት ደጋሚ በቃሉ ያጠና ነበር። ካጠና በኋላ ግን የእኛ ተማሪ የሚያደርገውን አያደርግም፤ አይከልስም። የሥራው ሕግ በጥናቱና በፈተናው መካከል ቃሉን በልብ እንኳ መመለስን ይከለክል ነበር፤ ከመለሱት ልኬቱ ይበላሻልና። እንዲህ እያለ የመርሳትን ሕግ አገኘ፤ ስሙም በሊቃውንት ጉባኤ ከበረ። ቃልን ከመጥፋት የሚጠብቀው ደጋግሞ መመለስ እንደ ሆነ ያስረዳውም ራሱ ነው።

ሚስቱ ግን ትቀልድበት ነበር። «ወፍ እንኳ ስትጮህ የምትለው አላት፤ አንተ ቀኑን ሙሉ ትጮኻለህ፣ የምትለው የለህም» ትለዋለች። እርሱም ይስቅ ነበር።

አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ ከእናቷ ጋር ተጣልታ ወደ ሩቅ አገር ሄዳ ነበር። እናቲቱ ታመመች፤ ልጅቱም ሰምታ መንገድ ጀመረች። እናቲቱ ልጇ ሳትደርስላት እንደምትሞት ባወቀች ጊዜ ባሏን ወደ አልጋዋ ጠራችው። ስለ ጠባቸው ለማንም ያልተናገረችውን ቃል፣ ለልጇ እንዲያደርስላት በደከመ ድምፅ ነገረችው። «አደራ፣ እንዳለ ንገራት» አለችው። ወዲያውም ዐረፈች።

ሰውየው የጠፋው እዚህ ላይ ነው። ቃሉን መመለስ ቁስሉን ይነካበት ነበርና፣ የሥራው ሕግ መጠጊያ ሆነው። በልቡም «እነሆ ትርጉም ያለው፣ አንድ ጊዜ ብቻ የተሰማ ቃል፤ ሳልመልሰው ስንቱ ይቀር ይሆን?» አለ። ለማንም አልነገረውም፣ አልጻፈውም፣ አልደገመውም። ከቀብር ተመልሶም ወደ ሥራው ገባና እነዚያን ባዶ ድምፆች ማጥናቱን ቀጠለ።

ልጅቱ ደረሰች። ጥቁር እንደ ለበሰች ከፊቱ ተቀምጣ «አባዬ፣ እማዬ ምን አለችኝ?» አለችው። አፉን ከፈተ። የሚስቱ ፊት ታየው፤ ትራሷ፣ የእጇ ትኩሳት። «ልጄ ስትመጣ እንዲህ በላት» ማለቷም ትዝ አለው። ከዚያ ወዲያ ግን ወደ ምላሱ የመጡት እነዚያ ትርጉም የሌላቸው ድምፆች ናቸው።

«ረግማኝ ከሆነም ልወቀው፤ አትደብቀኝ» አለች።

«አልደበቅሁሽም። ጠፋብኝ።»

«እንዴት ይጠፋል?»

እንዴት እንደሚጠፋ ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ በምድር አልነበረም። መጀመሪያ በፍጥነት፣ ኋላም በዝግታ እንደሚጠፋ ያስረዳት ጀመር። ልጅቱ ሳታስጨርሰው ተነሥታ ወጣች። እርሱ እስኪሞት ድረስ ሊያስታውስ ደከመ፤ ቃሉ አልተመለሰም። እርሷም እናቷ ትመርቃት ትርገማት ሳታውቅ አረጀች።

ኅሩይ ልጄ፣ ያ ሰው አንተ ነህ። ጸሎትህ ሲቀዘቅዝ ቁጭ ብለህ ታያለህ፤ ምን ያህል እንደ ቀዘቀዘ ትለካለህ፤ ማየትህንም እንደ መጠበቅ ቆጠርኸው። በአደራ የተሰጠህን ቃል ግን በአፍህ አልመለስኸውም። የጠፋው ይገኛል ብዬ ላጽናናህ በወደድሁ ነበር፤ ለዚያ ሰው ግን አልተገኘለትም፤ ለአንተም ምን እንደ ቀረህ አላውቅም። ማወቅህ አያድንህም፤ መልሴ ይህ ነው። በአፍህ የቀረች አንዲት ቃል ካለች፣ ሳትለካት አሁኑኑ በላት።

ይህን የሰማችሁ ሁሉ፣ አደራ ሰጪው አምላክ አደራውን ከማጣት ይሰውራችሁ፤ እናንተ በረሳችሁት ቀን እርሱ አይርሳችሁ። አሜን።