ወፍጮ ቤት የተሰየመው ችሎት

ሩብ ሰዓት ብቻ ስጡኝ። በምትኩ ዛሬውኑ የምትሞክሩት አንድ ነገር እሰጣችኋለሁ፤ ካልጠቀማችሁ መጥታችሁ ውቀሱኝ።

ነገሩን ያመጣችው ትብለጥ ናት። ትብለጥ የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ አራተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ። ኮሮና ገብቶ ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ ሻንጣዋን ይዛ ቤቷ ገባች፤ ከዚያ ወዲህ በስልክ ነው የምትማረው። ትናንት ከአጥሩ ወዲያ ሆና ጠራችኝ። ዓይኗ ቀልቷል።

«አንተ ያለ አስተማሪ ብቻህን እያነበብክ ስንት ነገር ተምረሃል። እስቲ ንገረኝ፣ ሰው ያለ ክፍል፣ ያለ ጓደኛ እንዴት ነው ሕግ የሚማረው? ስድስት መቶ ገጽ ተልኮልኛል። ሁለቴ አነበብኩት። ስልኩን ስዘጋው ጭንቅላቴም አብሮ ይዘጋል። ፈተናው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ላቋርጥ ነው።»

«አታቋርጪም! ምሳሌ ልንገርሽ?»

«ወይ ጉድ! አንተ ደግሞ ውሃ አጠጣኝ ቢሉህ ስለ ምንጭ ምሳሌ ነው የምትጀምረው።»

«ምንጩን ካላወቅሽ ነገም ልትለምኚኝ ነዋ» አልኳት። ሳቀች። የሳቀ ሰው ያዳምጣል፤ እኔም ሳትቀዘቅዝ ጀመርኩ።

አንድ ሰው ነበረ። ሕግ ያስተምር ነበር፤ አርባ ሦስት ተማሪዎችም ነበሩት። በዘመኑ ወረርሽኝ ገባ፤ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ተማሪዎቹም ወደየመጡበት ተበተኑ። የትምህርት ቤቱ አለቆች እንዲህ ብለው ወሰኑ፦ ከሁለት ወር በኋላ ፈታኞች እያንዳንዱን ተማሪ በስልክ ይጠይቁታል፤ መማሩን ማስመስከር ያቃተው ዓመቱ ይሰረዝበታል።

መምህሩ ደግ ሰው ነበር። «አልጥላቸውም» አለ። ማስታወሻ ጻፈ፣ ድምፁን ቀዳ፣ ሁሉንም በቴሌግራም ላከ። ዛሬ አርባ ገጽ፣ ነገ ስልሳ። ተማሪዎቹ «እናመሰግናለን መምህር» ይሉታል፤ ሁለት መዳፍ የተጋጠመበትን ምስል ይልኩለታል። እሱም ምስጋናውን እንደ መማር ቆጠረው። የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው! ለላኪ ሰው የላከው ሁሉ የደረሰ፣ የደረሰውም ሁሉ የገባ ይመስለዋል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መለማመጃ ጥያቄ ላከ። «አንድ ገበሬ በሬውን ለጎረቤቱ ሸጠ። ገዥው ሳይረከበው በሬው በሻጩ ደጅ እንደታሰረ ሞተ። ጉዳቱን የሚሸከመው ማን ነው?»

መልሱ መጣ። የመጀመሪያውን አነበበ፤ ደስ አለው። ሁለተኛውን አነበበ፤ ያው ነው። ሦስተኛውም ያው። ሠላሳ አንድ ተማሪ አንድ ቃል ሳይለውጥ አንድ ዓይነት መልስ ልኳል። ለካ አንዱ ልጅ የመምህሩን የተቀዳ ድምፅ ቃል በቃል ጽፎ ለጓደኞቹ አዳርሶ ኖሯል። በምን ታወቀ? በሠላሳ አንዱም መልስ ውስጥ እንዲህ የሚል ነበረበት፦ «ጉዳቱ ወደ ገዥው የሚሻገረው፣ ቆይ ድመቷን ላስወጣት፣ በርክክብ ነው።»

«ሂድ ወደዚያ!» አለች ትብለጥ። «ድመቷንም ጻፏት?»

«ድመቷንም ጻፏት።»

አጥሩን ይዛ እስኪያማት ሳቀች። «እኔም እኮ ባለፈው የላክሁት መልስ የኔ አልነበረም» አለች ቀስ ብላ። «ቀጥል።»

ቀጠልኩ። መምህሩ በጣም ተቆጣ። ከአርባ ሦስቱ አንዲት ተማሪ ጭራሽ ምንም አልላከችም ነበር። «ሌሎቹ ቢያንስ ድመት ልከዋል» አለና መጀመሪያ ለእሷ ደወለ።

ይህች ልጅ በአንዲት ትንሽ የቆላ ከተማ ነበረች። አባቷ ወፍጮ ቤት አለው። የእሷ ስልክ ቁልፍ ያለው ባለ ቶርች ስልክ ነው፤ ፋይል የሚባል ነገር አይከፍትም። በእጇ የነበረው አንድ የተገነጣጠለ የፍትሐ ብሔር ሕግ መጽሐፍ ብቻ ነው። አባቷ ደግሞ ቁርጡን ነግሯታል፦ «ዓመቱ ከተሰረዘ አትመለሺም። ወፍጮው ሰው ይፈልጋል።»

«መልስሽ የታለ?» አላት መምህሩ።

«መምህር፣ ገና አልተፈረደም።»

«ምኑ?»

«ጥያቄውን ጓደኛዬ በስልክ አነበበችልኝ። ዳኞቹ ግን ቀጠሮ የሰጡኝ ለዛሬ ነው።»

«የምን ዳኞች?»

«የወፍጮ ቤቱ። አሁን ሊሰየሙ ነው፤ ስልኩን አይዝጉት፣ ይሰሙታል።»

በዚያች ከተማ ወረርሽኙ ከገባ ወዲህ ወፍጮ ቤት የሚሰለፈው ሰው ሳይሆን ማዳበሪያ ነው። እህል የሞላው ማዳበሪያ በተራ ይደረደራል፤ ባለቤቶቹ ደግሞ ውጭ ዛፍ ሥር ሁለት ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራርቀው፣ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ይጠብቃሉ። ታዲያ በድሮ ጊዜ የተጣሉ ሰዎች መንገደኛ አስቁመው ዳኛ ያደርጉት እንደነበር ልጅቱ በትምህርቷ ሰምታለች። ለብቻዋ ማንበብ አንገሸገሻት። ከወረፋው መሀል ሦስት ሰው መረጠች፤ አንድ ሸማኔ፣ አንድ ጋሪ ነጂ፣ አንዲት ጤፍ ሊያስፈጩ የመጡ ባልቴት። «ተራችሁ እስኪደርስ ፍረዱኝ» አለቻቸው። ወረፋ የሰለቸው ሰው ምን አይልም? እሺ አሏት፤ ጉዳዩንም ለዚያች ዕለት ቀጠሩት።

መምህሩ በስልኩ ውስጥ አዳመጠ። ልጅቱ ለሻጩ ቆማ ተከራከረች። ከዚያ ማዳበሪያውን ተሻግራ በወዲያ በኩል ቆመችና ለገዥው ተከራከረች።

«አንቺ ልጅ!» አለ ጋሪ ነጂው። «ቅድም ለሻጩ አልነበርሽም እንዴ? በአንድ ጠዋት ስንቴ ትከጃለሽ?»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ባልቴቷ ግን አልሳቁም። «ቆይ ቆይ» አሉ። «ይሄ ገዥ በሬውን ያልወሰደው ቀጠሮው ስላልደረሰ ነው፣ ወይስ ቀጠሮው አልፎበት ቤቱ ተኝቶ?»

«አላውቅም እማማ። ጥያቄው ውስጥ የለም።»

«ከሌለ ምኑን ልፍረድ? ቀኑን ለጠበቀና ቀኑን ላሳለፈ ሰው አንድ ዓይነት ፍርድ የሚሰጥ ከሆነ መጽሐፍሽ ተሳስቷል። ሂጂ እይው።»

ልጅቱ ሮጣ ገብታ መጽሐፏን አመጣች። ከዚህ በፊት ያንን ገጽ ሦስት ጊዜ አንብባዋለች፤ ግን አላየችውም ነበር። አሁን ግን ዓይኗ ዘልሎ አረፈበት። ጉዳቱ ከርክክብ በፊት የሻጩ ነው፤ ገዥው የሚረከብበትን ቀን ካሳለፈ ግን ጉዳቱ በእሱ ላይ ይሆናል። ጮክ ብላ አነበበችላቸው።

«እንዲያ በይኝ!» አሉ ባልቴቷ። «ሰው ነው የጻፈው ማለት ነው።»

መምህሩ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። ይህቺን አንዲት ነጥብ ለማስረዳት ሁለት ክፍለ ጊዜ ይፈጅበት ነበር! በቀዳው ድምፅም ውስጥ ተናግሯታል፤ ድመቷን ካስወጣ በኋላ። ከሠላሳ አንዱ ግን ማንም እስከዚያ ድረስ አልጻፈም።

በዚያው ቀን ለአርባ ሦስቱም መልእክት ላከ፤ አጭር ነበረች። «ከዛሬ ጀምሮ ወረቀት አልልክም። እያንዳንዳችሁ ሕግ ያልተማሩ ሦስት ሰዎች ፈልጉ። ውጭ፣ ተራርቀው ይቀመጡ። እኔ እደውላለሁ፤ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ስልኩን መሀል አስቀምጡ። ለሁለቱም ወገን ትከራከራላችሁ። እኔ አልናገርም፤ እሰማለሁ።»

ትብለጥ፣ ልብ በይ፤ ኢንተርኔት አላስፈለገም፣ ካሜራ አላስፈለገም። መኮረጅም አልተቻለም፤ ሦስት ሰው ዓይን ዓይንሽን እያየ «ለምን?» ሲልሽ ከማን ትገለብጫለሽ? መምህሩ ለእያንዳንዱ በየሳምንቱ ሩብ ሰዓት ይደውላል። ጆሮው እንደ ምጣድ እስኪግል ያዳምጣል።

ያ ድመቷን መጀመሪያ የጻፈው ልጅ አንድ ልብስ ሰፊ፣ አንዲት ዳቦ ሻጭና አንድ ጡረታ የወጡ ዘበኛ አስቀመጠ። ማስታወሻውን እንደ ውዳሴ አወረደው። ሲጨርስ ዘበኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ይሄ የመምህርህ ነው። አሁን ያንተን አምጣ።»

ልጁ ስልኩን አየው። መምህሩ እዚያ ውስጥ አለ፤ ይሰማል፤ አንድ ቃል ቢያቀብለው ይወጣው ነበር። መምህሩ ግን ከንፈሩን ነክሶ ዝም አለ። ያን ሁሉ ገጽ መጻፍ እንደዚያ ዝምታ አላደከመውም። ልጁ በመጨረሻ «አላውቅም፤ ሳምንት ልመለስ?» አለ። «ቀጠሮ ተሰጥቶሃል» አሉት ዘበኛው። ሳምንት ተመለሰ። ሦስት ጥያቄ ጠየቁት፤ ሁለቱን መለሰ። ዳቦ ሻጯ አጨበጨበችለት!

የፈተናው ቀን ደረሰ። ፈታኞቹ ተማሪዎቹ የማያውቋቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ። ያንን ድመቷን የጻፈውን ልጅ ጠየቁት፣ አሁንም ጠየቁት፣ ከግራም ከቀኝም አዋከቡት፤ አልተንገዳገደም። በመጨረሻ አንደኛው ገርሞት «ለመሆኑ ማን ነው እንዲህ ያስተማረህ?» አለው። ልጁም «መምህሬና አንድ ጡረታ የወጡ ዘበኛ» ብሎ መለሰ።

ለወፍጮ ቤቷ ልጅ ሲደወል ወረፋው እስከ መንገዱ ደርሶ ነበር። ወፍጮው ያጓራል፤ ስልኩ አይሰማም። «ሃሎ? ሃሎ? አይሰማኝም!» ትላለች። ፈታኙ ሊዘጋው ሆነ፤ ዓመቷ ሊሄድ ነው፤ ትምህርቷም አብሮት። ያን ጊዜ አባቷ ዱቄት እንደለበሰ ተነሣና ሞተሩን አጠፋ። በዚያ ሁሉ ወረፋ መሀል! ያ «ወፍጮው ሰው ይፈልጋል» ያለው ሰው።

ፀጥ አለ። ከወረፋው አንድ ሰው እንኳ አላጉረመረመም። ሸማኔው ጋሪ ነጂውን «እስ!» አለው፤ ጋሪ ነጂው ደግሞ ምንም አልተናገረም ነበር። ልጅቱ መጽሐፏን ሳትገልጥ፣ ፊቷን ወደ ዳኞቿ አዙራ፣ የፈታኞቹን ጥያቄ አንድ በአንድ መለሰች። ስልኩ ተዘጋ።

«ፈረዱልሽ?» አሉ ባልቴቷ።

«ፈረዱልኝ፣ እማማ።»

አባትየው ፊቱን በእጅጌው ጠረገ፤ ዱቄቱን ይሁን ሌላ አላወቁም። ከዚያ ወፍጮውን አስነሣው።

ከአርባ ሦስቱ አርባ አንዱ አለፉ። ለቀሩት ሁለቱ መምህሩ በማግሥቱ ደወለላቸው።

ምሳሌው ይኸው ነው። ትብለጥ አጥሩ ላይ ክንዷን አጣጥፋ ዝም ብላለች። እኔ ግን ዝም ማለት የት ሆኖልኝ!

«አየሽ፣ ያ የተላከልሽ ስድስት መቶ ገጽ እህል ነው። ጥሩ እህል ነው፤ የላኩልሽም ሰዎች ደጎች ናቸው። ግን እህል በማዳበሪያ ውስጥ ዓመት ቢቀመጥ ያው እህል ነው፤ ዱቄት አይሆንም። ወፍጮ ያለ መጅ አይፈጭም፣ ሁለት ድንጋይ ይፈልጋል። አንዱ ድንጋይ አንቺ ነሽ። ሌላው ፊትሽ ተቀምጦ 'ለምን?' የሚልሽ ሰው ነው። አንቺ የጎደለሽ ክፍል አይደለም፣ ገጽም አይደለም፤ እሱ ሰው ነው። መምህሩም ልጆቹን የረዳቸው መላኩን ትቶ መስማት የጀመረ ዕለት ነው።»

«እና ዳኞቼ እነማን ናቸው?»

«አንደኛው እኔ። እዚሁ፣ ከአጥሩ ወዲህ። እናትሽ ሁለት። ሦስተኛው ጋሽ ፈለቀ፣ ባለሱቁ፤ መስኮቱ ከዚህ ይታያል፣ ደግሞ መከራከር ይወዳል።»

«ጋሽ ፈለቀ? ጠዋት የጀመረውን እስከ ማታ አይለቀኝም!»

«ተስማሚ ዳኛ!»

ዛሬ ጠዋት ጀመርን። ትብለጥ ስለ ውል ተናገረች፣ ሸምድዳ፣ ሳትተነፍስ። ጋሽ ፈለቀ ከመስኮቱ ብቅ አለና «ለምን?» አላት። በጣም ተናደደች። «ቆዩኝ!» ብላ መጽሐፏን ልታመጣ ወደ ቤት ሮጠች። ላቋርጥ ያለች ልጅ እኮ ናት፤ እየሮጠች!

አሁን ተራው የእናንተ ነው። ተማሪ ከሆናችሁ፣ ዛሬ ያነበባችሁትን አንድ ነጥብ ብቻ ምረጡ፤ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ራቅ አድርጋችሁ ሦስት ሰው አስቀምጡ፤ ለሁለቱም ወገን ተሟገቱ። የሩቅ ተማሪ ያላችሁ መምህራን ደግሞ ሌላ ወረቀት ከመላካችሁ በፊት ለአንዱ ደውሉና ሩብ ሰዓት ዝም በሉለት። ነገ አትበሉ፣ ዛሬ ነው። ድመቷን አስወጡና ጀምሩ።