ባዶ ተብሎ የታለፈው መስክ

አንድ ከተማ ከልክ በላይ መስፋት ጀመረ። ሹሞቹ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የት እንደሚደርስ ለማወቅ ይርዳው የሚባል ባለሙያ አስጠሩ። ይርዳው ከአየር ላይ የተነሳ ፎቶ ኮምፒውተሩ ላይ ዘረጋ፤ መሬቱን በትናንሽ አራት ማዕዘን ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ስም ይሰጥ ጀመር። ቤት፣ እርሻ፣ ደን፣ ባዶ። ኮምፒውተሩ ከነዚህ ውጭ ሌላ ስም አይቀበልም።

በምሥራቅ በኩል አንድ ለምለም ቦታ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ቦታው እሱ የተወለደበት መንደር ሰዎች የወል መስክ ነው። ዓመቱን ሙሉ ተከልሎ ይቆይና በጥቅምት አንድ ቀን ይከፈታል፤ ከየቤቱ ሰው ማጭድ ይዞ ይወጣል። የተጣላ ካለ፣ ሳይታረቅ ሣር አይታጨድም።

መስኩ ቤት አይደለም፣ እርሻም ደንም አይደለም። ሹሞቹ ደግሞ ቶሎ በል ይሉታል። «ባዶ» ብሎ አለፈ። እኔ በዚህ አልፈርድበትም፤ ቅጽ ሲሞላ ቸኩሎ የማያውቅ ማን አለ?

ኮምፒውተሩ ከተማው መጀመሪያ ወደ መስኩ እንደሚሄድ ተነበየ። ሹሞቹም መሄዱ ካልቀረ ብለው በመስኩ መሀል አስፋልት አነጠፉ። አስፋልቱን ተከትሎ ቤት መጣ። ለሠላሳ ዓመት የተባለው በስምንት ዓመት አለቀ። የይርዳው ቃል ጠብ አላለም ተባለና ተሸለመ።

አባቱ ግን አኮረፉት። ጥቅምት በመጣ ቁጥር የታጨደ ሣር ሽታ ይናፍቀዋል፤ ከሣሩ ይልቅ ደግሞ የአባቱ ድምፅ። በመጨረሻ አላስችለው ብሎ ወደ አባቱ ሄደ። ሽማግሌው አንድ የግንብ አጥር ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ጉልበታቸውን ስሞ ይቅርታ ለመነ። ከተማው መምጣቱ እንደማይቀር፣ እሱም ያየውን ብቻ እንደተናገረ አስረዳ።

«አየኸው ወይስ ጠራኸው፣ ልጄ?» አሉት።

ይርዳው አጠገባቸው ተቀመጠ።

«በልቤስ ይቅር ካልኩህ ቆየሁ» አሉ አባቱ። «እኛ ግን ስንታረቅ ማጭድ ይዘን፣ ጎን ለጎን ቆመን፣ አገር እያየን ነበር። አሁን የት ሄደን እንቁም?»

አባትና ልጅ አጥሩ ሥር ተቀምጠው አንድ መስክ ናፈቁ።

ወዳጆቼ፣ ስለ ነገ የምንናገረው ነገር ነገን ይሠራዋል። ስም ያጣንለትን ነገር ባዶ ብለን ከጻፍነው፣ ባዶ ነው ብሎ የሚወስደው አይጠፋም። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የሚባለው ለዚህ ነው። እናንተስ፣ የሚኖርበትን ሰው ሳትጠይቁ ባዶ ብላችሁ ያለፋችሁት ምን አለ?