ጃርት፣ ሦስቱ መብራቶችና የክብር ቦታ

በጨለማ ለሚሄድ ሰው ከፊቱ ምን ያህል መንገድ ቢታየው ይበቃዋል?

እናንተ ወዲህ ጠጋ ያላችሁ፣ ይህን ጥያቄ ያመጣሁት እኔ አይደለሁም። ድንጋዮች ቁጭ ብለው ይማከሩ፣ ዛፎችም ለአላፊ አግዳሚው ሰላምታ ይሰጡ በነበረበት ዘመን፣ በቆላ የምትኖር አንዲት ጃርት ናት ለዓመታት የተሸከመችው።

የጃርቷ ስም ማንያህልሻል ነበር። ስሙን ያወጣችላት እናቷ ናት። እሷ ግን ስም በተጠየቀች ቁጥር ታፍርና «ማንዬ በሉኝ» ትል ነበር። በእሷ ቤት ሁሉም ያህላታል፤ አብዛኛውም ይበልጣታል።

የጃርት ዘር እንደምታውቁት የሌሊት ዘር ነው። አባቷም፣ እናቷም፣ አያቶቿም በድቅድቅ ጨለማ ሥር ሲምሱ፣ ሲጣሉና ሲታረቁ ኖረዋል። ማንያህልሻል ግን በልጅነቷ መብራት ወደማይጠፋበት ከተማ ተላከች። አፍንጫዋን ከመጽሐፍ ሳታነሳ አደገች፤ ስለ ብርሃን ተማረች፤ ተመረቀች። ወደ አገሯ ስትመለስ ስለ ብርሃን የማታውቀው ነገር አልነበረም። በጨለማ ግን የገዛ እግሯ አይታያትም። ጃርት ሆና ከመሸ በኋላ ከደጃፏ የማትወጣ በአገሩ እሷ ብቻ ነበረች።

ይባስ ብሎ በዚያ ሁሉ ቆላ መኪና ያላት እሷ ብቻ ነበረች። አባቷ ሲሞት አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ትቶላታል። የፒክአፗ መብራቶች በእርጅና ደክመው፣ በርተውም እንደ ጠፉ ነበሩ። ስለዚህ ቀን ቀን ትነዳለች፤ ጀንበር ዘቅዘቅ ስትል ግን ቁልፉን ትሰቅላለች።

«ማንዬ፣ ማታ ታደርሺኛለሽ?» ይሏታል።

«ተጨማሪ መብራት እየመረጥኩ ነው» ትላለች።

ዓመት ያልፋል። «ማንዬ፣ መብራቱስ?»

«የማነበው ትንሽ ቀርቶኛል።»

ሌላ ዓመት ያልፋል። ትንሹ አያልቅም።

ጎረቤቷ ድኩላ ነበረች። ጓደኛዋም ይህችው ድኩላ ነበረች፤ ሌላ ጓደኛ አልነበራትማ። ድኩላ አርግዛ ወሯ ገብቷል። በዚያ አገር ያለችው አዋላጅ ደግሞ አንዲት ናት፤ እማማ ኤሊ። እጇ መድኃኒት ነው። እግሯን ግን ታውቁታላችሁ። ቤቷም ከሜዳው ማዶ፣ ከደረቁ ወንዝ ባሻገር ነው።

ባለፈው እርግዝና ድኩላን ምጥ የያዛት ማታ ነበር። መልእክት ተላከ። እማማ ኤሊ ሳትዘገይ ተነሳች፤ ሳትዘገይ ሄደች፤ የደረሰችው ግን ለቅሶ ላይ ነው። ማንያህልሻል ያን ሌሊት ስለ መብራት እያነበበች ነበር።

ድኩላ ስለዚያ ሌሊት አንድም ቀን አልወቀሰቻትም። አሁን ብቻ ሆዷን ደግፋ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ጠየቀቻት።

«ማንዬ፣ ይሄኛውም ማታ ልምጣ ቢልስ?»

«እማማ ኤሊን አመጣታለሁ።»

«መብራቱን መርጠሽ?»

«ነገ እመርጣለሁ።»

«ነገ ነገ ስትዪ እኮ ልጄ እሆዴ ውስጥ ቀንድ ሊያበቅል ነው!»

በማግስቱ ማንያህልሻል ከጋሼ ከርከሮ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ሄደች። ከርከሮ ግራሶ የተለወሰ ፊቱን ቀና አደረገ።

«ምን ልታዘዝ?»

«ተጨማሪ መብራት ፈልጌ ነበር» አለች በሹክሹክታ።

«ምን?»

«መብራት።»

«አንቺ ልጅ፣ ለድምፅሽም ተጨማሪ ያስፈልገዋል!» ብሎ ወደ መደርደሪያው አመለከታት።

በመደርደሪያው ላይ ሦስት መብራቶች ተቀምጠዋል። ሲያዩዋት ሦስቱም አፍ አወጡ።

«እኔን ውሰጂኝ» አለ ፓውዛ። ፓውዛ ፊቱ ሰፊ፣ ዕድሜውም የገፋ ነው። «እኔ ስበራ ግራው፣ ቀኙ፣ ሰማዩ ሁሉ ሠርግ ቤት ነው የሚመስለው።»

«እኔን ውሰጂኝ» አለ ረጅሙ፣ ሩቅ የሚያበራው። ረጅሙ ብርሃኑ ቀጭን፣ አንደበቱ ግን ወፍራም ነው። «ነገ የምትደርሺበትን ሰፈር እኔ ዛሬ አሳይሻለሁ። ከማዶ ተራራ ሥር የተኛች ጥንቸል ጆሮዋን ስታወዛውዝ አያታለሁ።»

«እኔ እንኳ ከአፍንጫሽ ብዙም አልርቅ» አለች እትዬ ቢጫ፣ የጭጋግ መብራቷ። «ዝቅ ብዬ መሬት መሬቱን ነው የማየው። ለአቧራና ለጭጋግ እሆናለሁ። ባትፈልጊኝም አልቀየምም።» ይህን ስትል ግን ተቀይማ ነበር።

ማንያህልሻል የሚያስፈልጋትን ታውቅ ነበር። ስንት ዓመት አንብባለች! ነገር ግን አንዱን ወስዳ ሌሎቹን ፊት ለፊታቸው እንዴት ትተዋቸው? ምን ይሏታል? ይሉኝታ አንቆ ያዛት።

«ሁላችሁም… ሁላችሁም ኑ» አለች።

ከርከሮ በሳቅ ፈረሰ። «ባትሪሽን አማክረሻል?»

«እኔን ማን ያማክረኛል!» አለ አባባ ባትሪ ከሞተሩ ጎን እየሳለ። «እኔ ራሴን ባኖር ትልቅ ነገር ነው፤ ሦስት እንግዳ ጠራችብኝ!»

አሁን ደግሞ የት ይቀመጡ የሚለው ሌላ ጣጣ ሆነ። በመጽሐፉ ከሄዱ ለመብራት ቦታ የሚሰጠው በሥራው ነው። በአገሩ ወግ ግን ለእንግዳ ቦታ የሚሰጠው በክብሩ ነው። ማንያህልሻል መጽሐፉን እያወቀች ወጉን አፈረች።

«ጋሼ ፓውዛ፣ ከፍ ይበሉ» አለች።

«ኧረ እዚሁ ይበቃኛል።»

«በጭራሽ አይሆንም!»

«ኧረ ተይ ልጄ!»

«ሞቼ እገኛለሁ!»

ፓውዛ እየተለመነ ጣሪያው ላይ ወጣ። ዓይኑ ድሮም እዚያ ነበር። ረጅሙ ተከትሎ በሞተሩ ክዳን ላይ ተኮፈሰ። እትዬ ቢጫ ግን «እኔ እዚህ በሩ ጋ ይበቃኛል፤ ቶሎ ሂያጅ ነኝ» አለችና ከፊት ብረቱ ሥር ተለጠፈች። እሷን ማንም አልለመናትም።

ማንያህልሻል ቤቷ ስትደርስ ጀንበር ጠልቃለች። መኪናዋን ሳታቆም ከአጥሩ ማዶ ጩኸት ሰማች።

«ማንዬ! መጣ!»

«ማን መጣ?»

«ማን ይመጣል! ልጁ ነዋ!»

ማንያህልሻል መሪውን ጨበጠች። ወደ ቤቷ አየች፤ ወደ ሜዳው አየች። ከዚያም ሦስቱንም መብራቶች አብርታ ነዳች።

መጀመሪያ ጉዞው ደስ ሲል! ሜዳው ቀን መሰለ። ፌንጣዎች ነጋ ብለው ተነሱ። ፓውዛ ከላይ «አየሽ?» ይላል፤ ረጅሙ ከፊት «አየሽ?» ይላል። ማንያህልሻልም «ይህን ነው እንግዲህ ስፈራ የኖርኩት?» እያለች በራሷ ሳቀች።

እኩል መንገድ ላይ ስትደርስ ነፋሱ ከኋላ መጣ። ፒክአፗ የምታቦንነውን አቧራ ሁሉ አምጥቶ ከፊቷ ዘረገፈው። የፓውዛ ብርሃን ከጣሪያው ወርዶ አቧራው ላይ አረፈ፤ ከአቧራው ተመልሶ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ዓለም ነጭ ግድግዳ ሆነች።

«ምን ይታይሻል?» አለ ፓውዛ።

«እርስዎ ብቻ ነዎት የሚታዩኝ።»

«ጎሽ!» አለ ፓውዛ ደስ ብሎት።

ማንያህልሻል ፍሬኑን ረገጠች። በሩን ከፍታ ወደ ታች ብትዳብስ የፊት ጎማው ከገደል አፋፍ ላይ ነበር። ያኔ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? መጽሐፍ አወጣች። አዎን፤ ጓደኛዋ እያማጠች፣ ጎማዋ ገደል ላይ ቆሞ፣ መጽሐፍ አውጥታ ምዕራፍ ፈለገች። አገኘችውም። «በአቧራ ውስጥ ከፍ ያለውና ሩቅ የሚያበራው ይጥፋ፤ ዝቅ ያለው ብቻ ይብራ» ይላል። ከሥሩ ተሰምሮበታል። ያሰመረችው እሷ ናት። በጠርዙ ላይ በገዛ እጅ ጽሑፏ «በጣም ጠቃሚ!» የሚል አለ።

ማጥፊያው ከጣቷ ሥር ነው። ግን የከበረ እንግዳን ሳይነግሩ ማጥፋት ነውር መሰላት።

«ጋሼ ፓውዛ» አለች፣ «ካላስቸገርኩዎት ትንሽ አረፍ ቢሉስ?»

«ምን ደክሞኝ ልጄ! አትጨነቂ።»

«ጋሼ ፓውዛ» አለች እንደገና፣ «አባባ ባትሪም እኮ ደክመዋል…»

«ነፍሴ ልትወጣ ነው!» አለ አባባ ባትሪ።

«ታዲያ ከላይ አስቀምጠሽኝ ጥፋ ልትይኝ ነው?» አለ ፓውዛ። «በሰው ፊት?»

«እኔንም እንዳትዪኝ!» አለ ረጅሙ። «ተራራውን ላየው ትንሽ ነው የቀረኝ፤ ይሄ አቧራ ከለለኝ እንጂ።»

ማንያህልሻል አፏን ልትዘጋ ነበር። አንገቷንም ደፍታ ነበር። ነገር ግን እማማ ኤሊ ለቅሶ ቤት ስትገባ ታያት፤ ድኩላም ባዶ እቅፏን ይዛ፣ ሳትወቅሳት ቀና ብላ ስታያት ታያት። ያኔ እሾኋ ከአናቷ እስከ ጭራዋ ቀጥ ብሎ ቆመ። የወንበሩ ስፖንጅ ተበሳሳ።

«ጥፉ!» አለች። «ሁለታችሁም አሁኑኑ ጥፉ!»

ማጥፊያውንም ተጫነችው። አባባ ባትሪ ብቻ «እሰይ!» ሲል ተሰማ።

«በይ እንግዲህ እኔ አለሁ» አለች እትዬ ቢጫ። «ብዙ አትጠብቂ።»

ቢጫው ብርሃን በአቧራው ሥር ሾልኮ መሬቱን ይዞ ሄደ። ገደሉ ታየ። ድንጋዩ ታየ። የድሮ ጎማ ፈለግም ታየ። ማንያህልሻል ወደ ኋላ መለሰች፤ ዞረችም፤ ፈለጉን ይዛ በዝግታ ነዳች። እትዬ ቢጫ እስከ ደረቁ ወንዝ ድረስ አፏን አልዘጋችም። «ድንጋይ በግራ። ጉድጓድ በቀኝ። ይሄ ደግሞ የማን ድንጋይ ነው? ሰው እኮ መንገድ ላይ ያስቀመጠውን አያነሳም!»

እማማ ኤሊ ደጃፏ ላይ ቆማ ነበር።

«እማማ፣ ቶሎ ይበሉ!»

«እየሮጥኩ እኮ ነው!» አለች እማማ ኤሊ፣ ገና አንድ እግሯን እያነሳች። ማንያህልሻል አቅፋ አስገባቻትና ወደ ድኩላ ነዳች።

«ቀስ ልጄ!» አለች እማማ ኤሊ። «ፍጥነት ያዞረኛል።»

በመልሱ ነፋሱ ሞቶ፣ ሜዳው ጠርቶ ነበር። ረጅሙ ጉሮሮውን ጠረገ። «አሁንስ? ልብራና የማዶውን ተራራ ላሳይሽ?»

ማንያህልሻል ፍጥነቷን አየች። በእሷ አነዳድ ያ ተራራ ጋ የሚደረሰው በማግስቱ ነው።

«አመሰግናለሁ፤ አያስፈልገኝም» አለች። ይቅርታ አልጠየቀችም። ይህን ማለት ከገደሉ ይልቅ አስፈርቷት ነበር።

ደረሱ። ድኩላ ከቁጥቋጦው ሥር ታቃስታለች። እማማ ኤሊ እጇን ሰደደችና «በእግሩ ነው የመጣው! ብርሃን ስጡኝ፣ እጄን ልየው!» ብላ ጮኸች። እትዬ ቢጫ ብትሞክር የድኩላን ሰኮና ብቻ አሳየች። «ከዚህ በላይ አንገቴ አይቀናም» አለች። ረጅሙ ቢሞክር ብርሃኑ በሁሉም ላይ አልፎ ሄደ።

ማንያህልሻል ወደ ጣሪያው ቀና አለች።

«ጋሼ ፓውዛ፣ አሁን ይብሩ።»

«አኩርፌያለሁ።»

«እያኮረፉ ይብሩ!»

ፓውዛ በራ። አቧራ የለም፤ መኪናዋም ቆማለች፤ ብርሃኑ ወርዶ ግቢውን በሙሉ ሸፈነው። እማማ ኤሊ ጣቷን አየች፤ የልጁን እግር አየች፤ ቀስ አድርጋ አዞረችው። በዚህ ሥራ ቀስ ማለት የሚችል እንደ እሷ ያለ አልነበረም። ግልገሉ ወጣ። አነጠሰ። በብርሃኑ መሃል አራት እግሩን አራት ቦታ በትኖ ቆመ፤ ወደቀ፤ እንደገና ቆመ። ፓውዛ መስታወቱ ውስጥ ጤዛ ቋጠረ።

ድኩላ ልጇን እየላሰች ጓደኛዋን ጠየቀቻት። «ማንዬ፣ መንገዱ ታየሽ?»

«ብዙም አልታየኝም።»

«እና እንዴት መጣሽ?»

«ቀስ ብዬ።»

ሰሚዎቼ፣ እንግዳን ማክበር ደግ ነው። ዓይናችሁን የሚጋርደውን ግን ቢከበርም አጥፉት፤ ሥራው ሲደርስ ታበሩታላችሁ። ያወቃችሁትንም ነገር አፍ አውጥታችሁ እስካልተናገራችሁት ድረስ ገና እንዳላወቃችሁት ቁጠሩት።

ማንያህልሻል ረጅሙን ለከርከሮ መለሰችው፤ ፊት ለፊቱም ምክንያቱን ነገረችው። ፓውዛን ከጣሪያው አውርዳ፣ ስትቆም ብቻ እንዲበራ ከኋላ አሰረችው። በገበያ ቀንም አገሩ ሁሉ በተሰበሰበበት መሃል ገብታ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ለሚወለድ ልጅ ሁሉ እማማ ኤሊን የምታመጣው እሷ እንደሆነች፣ የራቀው እንኳ እንዲሰማት አድርጋ ተናገረች።