ትርንጎና ምስለኔው የታሰሩበት ቋጠሮ

ተረት ተረት።

ምነው ዝም አላችሁ? ከብቱ ገብቷል፥ እራትም ተበልቷል፥ አፋችሁን የያዘው የለም። ጠጋ ጠጋ በሉና ድጋሚ ልበል። ተረት ተረት።

«የመሠረት።»

እንዲህ ነው እንጂ። መልስ ሳያገኙ መናገር እንዴት እንደሚያንገበግብ የዛሬዋን ሴትዮ ስታውቋት ይገባችኋል።

በድሮ ዘመን፥ ዳገት ላይ በተሠራ መንደር ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቷል። ሦስት ልጆች ወልዳ ሁለቱን ቀብራለች። የቀረቻት ስንዱ ብቻ ናት። ስንዱም አገባችና አረገዘች። ባሏ ለሥራ ቆላ ወርዶ ነበርና እናትና ልጅ በአንድ ጎጆ ይኖሩ ነበር።

መንደሩ አንድ ምንጭ ብቻ ነበረው። ከመንደሩ በታች ሜዳ አለ፤ ምንጩ ከሜዳው ማዶ ነው። ሴቶቹ እንስራቸውን አዝለው ሜዳውን ያቋርጣሉ፤ ቀድተውም ወዲያው ይመለሳሉ። ማንም ውኃ ሩቅ ነው ብሎ አያውቅም።

የአገሩ ሹም ምስለኔ ገሰሰ ይባል ነበር። የሚያዘው እሱ ነው፥ የሚፈርደውም እሱ ነው። አንድ ቀን ከሩቅ አገር ዳማ በቅሎ አስመጣ። ከዚያም ሣሯን ሰው እንዳይረግጥባት ብሎ ሜዳውን በእሾህ አሳጠረ። መንገዱም ከነሣሩ ታጠረ። ከዚያ ወዲያ ሴቶቹ በገደሉ በኩል መዞር ጀመሩ። ጎህ ሲቀድ የወጣች ሴት ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ትመለሳለች። ገደሉ ደግሞ ጠጠሩ ያንሸራትታል።

ትርንጎ የልጇን ሆድ አየችና ሌሊት እንቅልፍ አጣች። ጧት ጎረቤቶቿን ሰብስባ እንዲህ አለች፦ «ልጄ በዚያ ገደል እንስራ አዝላ አትወልድም። ሄደን አቤት እንበል።»

ተሰብስበው ሄዱና ከምስለኔው ደጅ ቆመው «አቤት፥ አቤት» አሉ። አጋፋሪው ወጣ። አጋፋሪ ማለት ደጅ ጠባቂው፥ አስገቢውና መላሹ ነው። አሥራት ይባላል።

አሥራትም፦ «ምንድን ነው?» አለ።

ትርንጎ፦ «መንገዳችን ታጥሮብናል።»

አሥራት፦ «ጌታዬ በአፍ የመጣ አቤቱታ አይሰሙም። በጽሑፍ አምጡ።»

ትርንጎ፦ «ጌታዬ የምትላቸው እዚያ ጥላው ሥር አይደለም እንዴ የተቀመጡት? ይኸው እያዩን ነው። የምለውን እኮ ከዚያ ሆነው ይሰማሉ።»

አሥራት፦ «ይሰማሉ። ግን አይሰሙም።»

እስቲ ይህ ምን ይባላል? ተመለሱ። ፍየል ታረደና ቆዳው ተፍቆ ብራና ሆነ። የቤተ ክርስቲያኑ መምህር የኔታ ፍሬው ቀለም በጥብጠው ጻፉ። ጽሑፉ አጭር ነበር፦ «መንገዳችን ይከፈትልን»። ይዘው ሄዱ።

አሥራት ብራናውን ገልብጦ አየ። ከዚያም፦ «ማን ነው የሚለው?» አለ።

ትርንጎ፦ «እኛ ነና።»

አሥራት፦ «እኛ የሚባል ሰው አላውቅም። የየቤቱ ስም ይጻፍ። ጌታዬ ከሁሉ በላይ የተጻፈውን ሰው ጠርተው ይጠይቁታል።»

ነገር የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። መንደሩ አርባ ቤት ነው። አርባውም መንገዱ እንዲከፈት ይፈልጋል። ከሁሉ በላይ መጻፍ የሚፈልግ ግን አንድም የለም። የኔታ ፍሬው ዋርካው ሥር ቁጭ ብለው ብዕራቸውን ይዘው ጠበቁ።

አንዱ፦ «አባ ይርዳው ይቅደሙ፥ በዕድሜ ትልቅ ናቸው።»

አባ ይርዳው፦ «ኧረ በሞቴ፥ አንተ ቅደም። እኔ ዓይኔም አያይ።»

አንዱ፦ «ለመጻፍ እኮ ዓይን አያስፈልግም፥ የሚጽፉት የኔታ ናቸው።»

አባ ይርዳው፦ «እንግዲያው ጆሮዬም አይሰማ።»

ደግሞ አንዱ፦ «ባለ ብዙ መሬት ይቅደም» ሲል ባለ ብዙ መሬት የተባለው ሰው መሬቱ ሁሉ ድንጋይ መሆኑን ሲያስረዳ ዋለ። ሰዎቹ ድግስ ላይ ለመቀመጫ እንደሚገባበዙት ተገባበዙ። ሦስት ቀን ሙሉ እንዲህ ሆነ። የኔታ ቀለማቸው ደርቆ ሁለት ጊዜ በጠበጡ።

በመጨረሻ አንዲት ብልህ ሴት፦ «ክብ አድርጋችሁ ጻፉት፥ እንደ ሰፌድ ዙሪያ። መጀመሪያም መጨረሻም አይኖረውም» አለች። ሁሉም ደስ አላቸው። አርባው ስም ክብ ሆኖ ተጻፈ።

አሥራት ብራናውን ያዘና አዞረው። ደግሞ አዞረው። አንገቱንም አብሮ አዞረ። «የት ነው የሚጀምረው?» አለ።

ትርንጎ፦ «ደስ ካለህ ቦታ ጀምር።»

አሥራት፦ «ጌታዬ ከመጀመሪያው ነው የሚጀምሩት። መልሱት።»

ትርንጎ በዚያ ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ ለብቻዋ ታወራ ነበር። ከዋርካው ሥር ስትደርስ ለየኔታ፦ «የኔታ፥ እኔን ከላይ ይጻፉኝ። የፈለጉትን ይጠይቁኝ፥ ሰልችቶኛል» አለቻቸው። ሌላ ፍየል ታረደ። ሌላ ብራና ተፋቀ። ትርንጎ ከላይ ተጻፈች፤ ሠላሳ ዘጠኙ ከሥሯ ተሰለፉ። አሥራት ተቀበለና ይዞ ገባ።

ከዚያም ጠበቁ። ወር አለፈ። ትርንጎ ሄደችና ጠየቀች።

አሥራት፦ «ጌታዬ እያዩት ነው።»

ሁለተኛው ወር አለፈ። ደግሞ ሄደች።

አሥራት፦ «እያዩት ነው አልኩሽ እኮ።»

ትርንጎ፦ «ሁለት ቃል ነው ያለበት፥ አሥራት። ሁለት ቃል ሁለት ወር ይታያል?»

አሥራት፦ «ገና ስሞቹ ላይ ናቸው።»

በዚያው ሳምንት ስንዱ ገደሉ ላይ አንሸራተታት። እንስራው ወደቀና ተሰበረ። እሷ በጉልበቷና በእጆቿ ተደግፋ ተረፈች። እያነከሰች፥ ደሟ እየፈሰሰ መጣችና በሩ ላይ ተቀመጠች። ትርንጎ ጉልበቷን አጠበችላት። የምታጥብበትም ውኃ ለመጠጥ የተቀመጠው ነበር።

እሑድ ሆነ። ትርንጎ ልጇን ሙሉ ለምትባል ጎረቤቷ አደራ ሰጥታ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ቅዳሴው አለቀና ምስለኔ ገሰሰ ነጭ ኩታውን ለብሶ፥ ጥላ ተይዞለት ወጣ። አሥራትም ከኋላው ነው። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀ። ትርንጎ ግን አልለቀቀችም። ቀረበችና የነጠላዋን ጫፍ ከኩታው ጫፍ ጋር ጥብቅ አድርጋ ቋጠረች።

«በሕግ አምላክ» አለች። «ቁራኛዬ ነዎት።»

በዚያ ዘመን ይህ ሕግ ነበር። ከሳሽ ልብሱን ከተከሳሽ ልብስ ጋር ከቋጠረ ሁለቱ ቁራኛ ይሆናሉ። ዳኛ ነገሩን እስኪሰማ ድረስ አብረው ይሄዳሉ፥ አብረው ይቀመጣሉ። ከዚያ በፊት ቋጠሮውን የፈታ ወይም የቀደደ ተረታ። ድኻም ሆነ ሹም ለውጥ የለውም።

ምስለኔው ሳቀ። «ሞኝ ነሽ አንቺ ሴት፥ ዳኛው እኮ እኔ ነኝ።»

ትርንጎ፦ «እንግዲያው ይስሙኝ።»

ምስለኔው፦ «በሰንበት አልሰማም።»

ሰው ሁሉ የኔታ ፍሬውን አየ። የኔታም ጢማቸውን ያዝ አደረጉና፦ «ሕጉ ዳኛ እስኪሰማ ነው የሚለው። ዳኛው ዛሬ ካልሰሙ ተከሳሹ እስከ ነገ እንደታሰሩ ያድራሉ» አሉ።

ምስለኔው፦ «ተከሳሹ እኔ ነኝ እኮ።»

የኔታ፦ «አዎ ጌታዬ። ሁለቱም እርስዎ ነዎት። እኛም የቸገረን እሱ ነው።»

ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ምስለኔውም ሴትዮዋ ትሰለቻለች ብሎ አሰበና ቆመ። ትርንጎም ቆመች። ፀሐዩ ከረረ። ከዚያ ሙሉ እየሮጠች መጣች።

«ትርንጎ፥ ስንዱን ምጥ ይዟታል።»

ትርንጎ ሮጠች። ምስለኔውም ሮጠ፤ ምን ያድርግ? ቢቆም ኩታው ይቀደድና ተረታ ማለት ነው። ጥላ ያዡ ወደ ኋላ ቀረ። አሥራት «ቀስ ይበሉ ጌታዬ፥ ቀስ ይበሉ» እያለ ተከተለ። አገር የሚያዘው ሰው በአንዲት ሴት ነጠላ እየተጎተተ መንደሩን አቋረጠ። ውሾችም ጮኹበት።

ከጎጆው ደረሱ። ምጥ ያለበት ቤት ወንድ አይገባም። ትርንጎ ገባች፤ ምስለኔው ውጭ ደጁ ላይ ቁጭ አለ። ነጠላዋ በበሩ ክፍተት ሾልኮ ወጥቶ ከኩታው ጋር እንደተቋጠረ ነበር። ውስጥ ስትንቀሳቀስ እሱ ውጭ ይጎተታል።

የስንዱ ድምፅ ተሰማ። ከዚያም አዋላጇ፦ «ውኃ አምጡ» አለች።

ትርንጎ ማሰሮውን ዘቀዘቀችው። ጠብ የሚል ነገር የለም። «የለም» አለች። «ውኃ የለም። ጠዋት የነበረውን ስንዱ ጠጥታዋለች።» ድምፅዋ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሆነ። ሁለቱን ልጆቿን የቀበረችበት ቀን በዓይኗ ላይ መጣባት።

ምስለኔው ይህን ሰማ። ጆሮው በሩ ላይ ነው፥ ምን ያድርገው? ወደ አሥራት ዞረና፦ «ውኃ አስቀድተህ ና» አለው።

አሥራት፦ «በየት በኩል ጌታዬ?»

ምስለኔው፦ «በመንገዱ ነዋ።»

አሥራት፦ «በመንገዱ ከሆነ በገደሉ ነው። ለማታ እንደርሳለን።»

ምስለኔው፦ «በሜዳው ግባ።»

አሥራት፦ «ሜዳው ታጥሯል ጌታዬ።»

ስንዱ ውስጥ ጮኸች። ነጠላው ተጎተተና ምስለኔውን ወደ በሩ ሳበው።

ምስለኔው፦ «አጥሩን አፍርሰው።»

አሥራት እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ራሱን ዝቅ አደረገ። «ትእዛዙ በአፍ ነው ወይስ በጽሑፍ፥ ጌታዬ?»

ምስለኔው አየው። አሥራትም በትሕትና ጠበቀ፤ አልቀለደም፥ የለመደው ነው። ምስለኔው ሊነሣ ሞከረ፥ ቋጠሮው መልሶ አስቀመጠው። ያን ጊዜ ከአሥራት አልፎ ለቆሙት ሰዎች፦ «እናንተ ሂዱ። አፍርሱት። ገሰሰ ነው ያለው በሉ» አለ።

አርባው ቤት ነቅሎ ወረደ። በዱላ እየገፉ፥ በቆንጨራ እየቆረጡ እሾሁን ወዲያና ወዲህ ጣሉት። ዳማዋ በቅሎም ሣር አፏ ውስጥ እንዳለ ቀና ብላ አየቻቸው። ሙሉም እንስራዋን ሞላችና በሜዳው መሐል መጣች።

ትርንጎ እንስራው መሬት ሲነካ ሰማች። «ከየት አመጣሽው?» አለች።

ሙሉ፦ «ከምንጩ።»

ትርንጎ፦ «አሁን ወጥተሽ?»

ሙሉ፦ «አጥሩ ፈርሷል እኮ።»

ትርንጎ መጀመሪያ ደስ አላላትም። እውነቱን ልንገራችሁ፥ ነደዳት። ሁለት ፍየል፥ አርባ ስም፥ ያ ሁሉ ወርና የልጇ ጉልበት፤ አጥሩን ማፍረስ ግን አንዲት ሴት እንቅልፍ ሸለብ አድርጓት እስክትነቃ እንኳ አልፈጀም። ከዚያ ግን ንዴቷን ወዲያ አደረገችና ውኃውን እሳት ላይ ጣደች።

ፀሐይ ዘንበል ስትል ልጅ ተወለደች። ሦስት ጊዜ እልል ተባለ፤ ሴት ናት ማለት ነው። ስንዱም ዓይኗን ገልጣ ውኃ ጠየቀች፥ ጠጣችም።

ትርንጎ ወጣችና ከምስለኔው ፊት ለፊት ተቀመጠች። ሰው ሁሉ ከቧቸዋል።

ምስለኔው፦ «በይ ፍቺኝ። አጥሩ ፈርሷል፥ ሌላ ምን ቀረሽ?»

ትርንጎ፦ «ዛሬ ያፈረሱትን ነገ ያጥሩታል። ዳኛው ይፍረዱ።»

ምስለኔው ኩታውን አየ። ኩታው አቧራ ብቻ ሆኗል። ከዚያም፦ «መንገዱ የሕዝብ ነው። እኔም ልጄም አናጥረውም» አለ። የኔታ ፍሬው ብራና ይዘው ቆመው ነበርና እዚያው ጻፉት፤ ምስለኔውም አተመበት።

ቋጠሮው በሩጫው ብዛት ጠብቆ ነበር። ትርንጎ በጥርሷ ፈታችው። ምስለኔው ግን ወዲያው አልተነሣም። ከተቀመጠበት ወደ ታች አየ፤ ሴቶቹ በሜዳው እየተጫወቱ ሲሄዱና ሲመለሱ ይታያሉ።

«ምንጩ ይህን ያህል ቅርብ ነው እንዴ?» አለ። «ማንም እኮ አልነገረኝም።»

ትርንጎ አፏን ከፈተች። የምትለው ብዙ ነበር። ከየትኛው እንደምትጀምር ጠፋትና አፏን መልሳ ዘጋች። ውስጥ ሕፃኗ አለቀሰች።

«ይሂዱ ጌታዬ» አለችው፥ እየተነሣች። «እኔ የማጥበው ጨርቅ አለኝ። ውኃም አለ።»

ተረቴ ይኸው አለቀ፤ ይዛችሁት ግቡ፥ ለልጆቻችሁም አድርሱት። የኔን አፍ ግን ባዶውን አታሳድሩት። ከእናንተ የቀረበው ያንን ዳቦ ይቁረስልኝ፤ ማን ይቅደም እያላችሁ ደግሞ ሦስት ቀን እንዳታስጠብቁኝ።