ከትርሲት እግር የሸሸው ሳር

«እማ፣ ሳሩ የሸሸው እግሬን ጠልቶት ነው?»

ትርሲት ይህን የጠየቀችው በበሩ ደፍ ላይ ተቀምጣ ነው። ስድስት ዓመቷ ነው። ተሰብሮ የነበረው ግራ እግሯ ጀሶው ከተፈታለት አምስተኛ ቀኑ፤ ቀጥኖ፣ ነጥቶ፣ የሌላ ልጅ እግር መስሏል። ሐኪሙ «በየጠዋቱ በባዶ እግሯ ለስላሳ ሳር ላይ ትራመድ፤ አለበለዚያ እንዳነከሰች ትቀራለች» ብሏል።

ሳር ነበራቸው። ከቤቱ ፊት ለፊት፣ ሁለት ሰሌን የሚያስነጥፍ ሰርዶ። ግን ቱልት ወረሰው፤ ቅጠሉ እንደ በሬ ምላስ የረዘመ፣ ሥሩ ወደ ታች ጠልቆ የማያልቅ ቱልት። በየጥላው ሥር ደግሞ ሳማ አስጠግቷል። ትርሲት ገና አንድ እርምጃ ስትራመድ ሳማው ለበለባት፤ ከዚያ ወዲያ እግሯን አላወርድም አለች።

እናቷ አስካለ ማጭዷን አነሳች። እስከ እኩለ ቀን የቱልቱን አንገት ስትቆርጥ ዋለች። ጎረቤቷ እትዬ ዘነቡ ከአጥሩ ማዶ አንገታቸውን አሰገጉ።

«አስካለ፣ በየሳምንቱ ጠጉሩን ታስተካክዪለታለሽ እንጂ መች ነቀልሽው? ሥሩ እኮ ከታች ተቀምጦ ይስቅብሻል።»

«ምን ላድርግ እትዬ፣ ከየት እንደሚመጣ እንኳ አላውቅም።»

«ሰው ሳይዘራው ይበቅላል ብለሽ ነው?» አሉና እየሳቁ ገቡ።

አስካለ ደፉ ላይ ተቀመጠች። ትርሲት ጭኗን ተንተርሳ ተኛች። ፀሐዩ ከብዷል፤ ዝንቧ እንኳ ክንፏን መዘርጋት ደክሟታል። እንቅልፍ ይሁን ሐሳብ ሳይለይላት፣ አስካለ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመውን ባለ ብረት መቆፈሪያ አየችው።

«መቆፈሪያ፣ ቱልቱን ከነሥሩ ንቀልልኝ፤ ልጄ ሳር ትርገጥ።»

«አልነቅልም» አለ መቆፈሪያ። «መሬቱ ድንጋይ ሆኗል፤ ጥርሴ ይሰበራል። መሬት ትላላልኝ።»

አስካለ እጇን መሬት ላይ ዘረጋች። «መሬት፣ ላላ በይልኝ። መቆፈሪያ ቱልት አልነቅልም አለ፤ ልጄም ሳር አልረገጠች።»

«አልላላም» አለች መሬት፣ ከሩቅ እንደሚመጣ ድምፅ። «ከንፈሬ ተሰነጣጥቋል፤ አታዪኝም? ዝናብ ያርሰኝ።»

አስካለ ቀና አለች። «ዝናብ፣ መሬትን አርስልኝ። መሬት ለመቆፈሪያ አልላላም አለች፤ መቆፈሪያ ቱልት አልነቅልም አለ፤ ልጄም ሳር አልረገጠች።»

«አላርስም» አለ ዝናብ። «እኔ በእግሬ አልሄድም፣ ታዝዬ ነው። ደመና ይዘለኝ።»

ከዚያ አስካለ እንዴት እንደሆነ ሳታውቅ ከተራራው ጫፍ ደረሰች፤ እግሯ መንገድ አልነካም። ደመና እንደ ተባዘተ ጥጥ ተጋድሟል። «ደመና፣ ዝናብን እዘልልኝ። ዝናብ መሬትን አላርስም አለ፤ መሬት ለመቆፈሪያ አልላላም አለች፤ መቆፈሪያ ቱልት አልነቅልም አለ፤ ልጄም ሳር አልረገጠች።»

«አላዝልም» አለ ደመና ዓይኑን ሳይገልጥ። «ካልነዱኝ አልነሳም፤ ልማዴ ነው። ነፋስ ይንዳኝ። እሱ ደግሞ እናንተ ቤት ነው ያለው።»

እውነትም ነፋስ ከአልጋዋ ሥር ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር። «ነፋስ፣ ደመናን ንዳልኝ። ደመና ዝናብን አላዝልም አለ፤ ዝናብ መሬትን አላርስም አለ፤ መሬት ለመቆፈሪያ አልላላም አለች፤ መቆፈሪያ ቱልት አልነቅልም አለ፤ ልጄም ሳር አልረገጠች።»

«አልነዳም» አለ ነፋስ። «ጠዋት ላርፍ ብገባ በሩ ተዘጋብኝ። በየት ልውጣ?»

«በር፣ ለነፋስ ተከፈትለት። ነፋስ ደመናን አልነዳም አለ፤ ደመና ዝናብን አላዝልም አለ፤ ዝናብ መሬትን አላርስም አለ፤ መሬት ለመቆፈሪያ አልላላም አለች፤ መቆፈሪያ ቱልት አልነቅልም አለ፤ ልጄም ሳር አልረገጠች።»

«አልከፈትም» አለ በር። «መጥረጊያ ጀርባዬን ተደግፎኛል። እሱን አስነሺው።»

መጥረጊያ ከበሩ ኋላ ፊቱን አዙሮ ቆሟል።

«መጥረጊያ፣ ከበር ተነሳልኝ። በር ለነፋስ አልከፈትም አለ፤ ነፋስ ደመናን አልነዳም አለ፤ ደመና ዝናብን አላዝልም አለ፤ ዝናብ መሬትን አላርስም አለ፤ መሬት ለመቆፈሪያ አልላላም አለች፤ መቆፈሪያ ቱልት አልነቅልም አለ፤ ልጄም ሳር አልረገጠች።»

«አልነሳም፤ አፍሬያለሁ» አለ መጥረጊያ በቀስታ። «በየበዓሉ ከወንዝ ዳር የታጨደ ቄጤማ ይጎዘጎዛል። በቄጤማው መሐል የቱልት ፍሬ አለ፤ ቡናማ፣ ደቃቅ። በዓሉ ሲያልፍ እኔ እጠርገዋለሁ፤ ከቤት ወጥቶ የሚበተነው ግን የት ነው? ማን ዘራው ብለው ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ? ያዘዘችኝ ትናገርልኝና እነሳለሁ።»

የአስካለ ፊት ጋለ። የበዓል ቄጤማ ከጥራጊ ጋር አይጣልም ብላ፣ ለክብሩ ስትሳሳ፣ በየዓመቱ በገዛ እጇ ሳሩ ላይ በስሱ ትበትነው ነበር። የዘንድሮው የፋሲካ ቄጤማ እንኳ ተጠርጎ ጥግ ላይ ተራውን እየጠበቀ ነው።

«እኔ ነኝ» አለች። «ሳላውቅ የዘራሁት እኔ ነኝ።»

ይህን ስትል መጥረጊያ ከበር ተነሳ፤ በር ለነፋስ ተከፈተ፤ ነፋስ ደመናን ነዳ፤ ደመና ዝናብን አዘለ፤ ዝናብም...

ግንባሯ ላይ አንድ ጠብታ አረፈ። አስካለ ዓይኗን ገለጠች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ መጥረጊያው ወድቋል፤ ደጁ በዝናብ ነጭ ሆኗል።

«እማ፣ ማንን ነው ‹እኔ ነኝ› ያልሽው?» አለች ትርሲት ዓይኗን እያሸች።

«ሳሩን። እግርሽን አልጠላም ልጄ። እኔ ነኝ ቱልት የዘራሁበት።»

«ይቅርታ ጠየቅሽው?»

«ነገ ጠዋት እጠይቀዋለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት አስካለ አማትባ መቆፈሪያውን አነሳች። መሬት ለመቆፈሪያ ላላች፤ መቆፈሪያ ቱልትን ነቀለ፤ አንዱ ሥር ክንድ ያህል ሆኖ ሳይበጠስ ወጣ። ሳማውን በጨርቅ እየያዘች አወጣችው። በየጉድጓዱ አፈር መለሰች፤ ከዳር የሰርዶ ቁራጭ እያመጣች ተከለችበትና በመዳፏ ጠቀጠቀችው። ጥግ የቆየውን የፋሲካ ቄጤማ ከነፍሬው እሳት ላይ ጨመረችው፤ እስኪከስልም አጠገቡ ቆመች።

«ዛሬስ ከሥሩ ነው» አሉ እትዬ ዘነቡ ከአጥሩ ማዶ።

«ዘሪውን አገኘሁት እትዬ» አለች አስካለ።

ከዚያ ደፉ ሥር ተንበርክካ የትርሲትን የግራ ጫማ ፈታች፤ የሳሳውን እግር በሁለት እጇ ያዘችና፣ ጤዛ ያረጠበው ሳር ላይ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው።