በሰው ቀለም ያገባችው ዓሣ

ይህን ያወሩኝ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤቴ፣ እትዬ ይመኙሻል ናቸው። ባላቸው ወደብ ላይ ጆንያ ሲያወርዱ ስለኖሩ፣ የጨው ባሕርን ወሬ ከእኛ መንደር የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ይመኙሻል ያሏቸው አማታቸው ናቸው፤ እናታቸው ያወጡላቸውን ስምማ ማን ያስታውሰዋል። በእኛ ዘንድ ሙሽራ ስትገባ አማት ስም ታወጣላት የለ? በባሕር ውስጥም እንደዚያው ነበር አሉ። ልጆች፣ ስሙ። ትልልቆቹም ስሙ፤ ነገሩ የሚነካው እናንተን ነው።

ድሮ ነው፣ አገሩ ገና አገር ሳይባል። በአንድ ሙቅ ባሕር ውስጥ አመድ የመሰለች፣ እያዩዋት የማትታይ ዓሣ ነበረች። ስም እንኳ የላትም፤ "አንቺ" ነበር የሚሏት። ማን እንዳገናኛቸው እንጃ፣ ከጥልቁ ባሕር አንዲት ባለጸጋ ዓሣ ለልጇ አጨቻት።

"አማቴ ይህን አመድ መልኬን አይታ ምን ብላ ልትጠራኝ ነው?" አለችና ተነሳች።

መጀመሪያ የሄደችው እማማ ኮራል ዘንድ ነው። እማማ ኮራል ከባሕሩ ወለል ላይ እንደ ቁጥቋጦ የበቀሉ፣ እንደ በርበሬ የቀሉ አሮጊት ናቸው። ወላጅ የሌላትን ይህችን ዓሣ በቅርንጫፋቸው ሸሽገው ያሳደጉም እሳቸው ናቸው።

"እማማ፣ ቀይዎን ያውሱኝ። ለሰባት ቀን፣ ለአማቴ ዓይን ብቻ!"

"ልጄ፣ ይሄ እኮ ጌጥ አይደለም፤ ደሜ ነው። ሰባት ቀን ካለፈ እነጣለሁ። ከነጣሁ ደግሞ አበቃልኝ።"

"ምነው እማማ! እኔ እርስዎን ልገድል?"

ሰጧት። አሳዳጊ አይደሉ?

ከዚያ እትዬ ሰፍነግ ዘንድ ሄደች። "እትዬ፣ ቢጫሽን። ለሰባት ቀን፣ ለአማቴ ዓይን ብቻ!"

"ትመልሺያለሽ?"

"እማማ ኮራል አምነውኝ አንቺ ልትጠረጥሪኝ!"

እሷም ሰጠቻት። ከኮከብ ዓሣም ሰማያዊውን ወሰደች፤ "ለሰባት ቀን፣ ለአማቴ ዓይን ብቻ!" እያለች።

ሸርጣን ይህን ሁሉ ከጉድጓዷ ሆና ታያለች። ወደ ጎን ስለምትሄድ የማንም ጓዳ አይሰወራትም። "ይቺ የወሰደችውን አትመልስም" ብትላቸው፣ "አንቺ ደግሞ! የሰው ደስታ ያምሻል" አሏት። እኔንም እንዲሁ ነው የሚሉኝ። ነጠላዬን ለሠርግ ተውሳ የቀረችውን ሴት ስሟን አልጠራም፤ ራሷ ታውቃለች።

ሠርጉ ሆነ። አማቲቱ ምራቷን ስታይ አፏን ያዘች። ስም የሚወጣው በሦስተኛው ቀን ነበር፤ እሷ ግን፣ "ይሄን ውበት በጥድፊያ ስም አላወጣለትም። ዘመድ አዝማድ ልጥራና በስምንተኛው ቀን ይሁን" አለች።

በስድስተኛው ቀን ሸርጣን መጣች። "እማማ ጫፍ ጫፋቸው ነጥቷል። መልሺ!"

"ነገ።"

በሰባተኛው ቀንም መጣች። "እስከ ወገባቸው ነጥተዋል። መልሺ!"

"ነገ ስሜን ልቀበልና ወዲያው አመጣለሁ።"

"ነገ እኮ ስምንተኛው ቀን ነው!"

"አንድ ቀን ማንን ገድሎ ያውቃል? ሂጂልኝ፣ እንግዳ እንዳያይሽ።"

በስምንተኛው ቀን የባሕሩ ዘመድ ሁሉ ተሰበሰበ። አማቲቱ ከመሐል ቆመች። "ስም ከማውጣቴ በፊት ያሳደገሽን ልመርቅ። ለዚህ ውበት ያበቃሽ ማነው?"

ሙሽሪት ግራ ቀኝ አየች። "ማንም። ስወለድም እንዲሁ ነበርኩ።"

ይሄኔ ከበር ግርግር ተነሳ። ሸርጣን ገባች፤ እትዬ ሰፍነግና ኮከብ ዓሣም ገርጥተው ከኋላዋ። ሸርጣን በጥፍሯ እንደ አጥንት የነጣ ስባሪ ቅርንጫፍ ይዛለች። ሙሽሪት እግር ሥር ጣለችው።

"ያሳደጉሽ፣ ይኸውልሽ።"

"መልሺ!" አለች ሰፍነግ። "መልሺ!" አለች ኮከብ ዓሣ። እንግዳውም ነገሩ ሲገባው ከዳር እስከ ዳር፣ "መልሺ! መልሺ!" አለ።

አማቲቱ ነጩን ቅርንጫፍ አየች፤ የምራቷን ቀይ አየች።

"ስም ላወጣ ነበር የቆምኩት። ለካ አላት፤ አገር ሲጠራት ሰማሁ። መልሺ ትባል። በስም ላይ ስም አልደርብም።"

ዓሣዋ እየበረረች እማማ ኮራል ዘንድ ደረሰች። ሰውነቷን ከነጩ ቅርንጫፍ ጋር አሻሸች፣ ፈተገች። ቀለሙ ግን ቅርፊቷ ውስጥ ሰርጿል፤ አልለቅ አላት።

አማቲቱ ልጇን ይዛ ወደ ጥልቁ ወረደች፤ ሌላ ሚስት አመጣችለት። እትዬ ሰፍነግና ኮከብ ዓሣ እንደገረጡ ቀሩ። ሸርጣንን ይቅርታ የጠየቃት የለም። እማማ ኮራል ነጥተው እንደቆሙ ደረቁ። መልሺ ከባሕሩ ሁሉ ቆንጆ ናት፤ እስከ ዛሬ ቀለሙን ልትመልስ ነጩን ኮራል በአፏ ስትፍቅ ትውላለች። ዓሣ አጥማጆችም ሲያዩዋት በዚያው ስሟ ይጠሯታል።

በሰው ቀለም የደመቀ፣ በገዛ ስሙ ተሳቀቀ።