ከተማችን አድጓል

ከተማው እየሰፋ፣ እየሰፋ መጥቶ ጨፌ መንደርን ዋጣት። መብራቱ አልገባም፣ ውሃውም ያው የጥንቱ ምንጭ ነው፤ ግብሩ ግን ቀድሞ ገባ። አዲሱ ሹም አቶ አሰግድ ነዋሪውን በእድሩ ድንኳን ሰብስበው፣ "ከእንግዲህ የከተማ ግብር ትከፍላላችሁ፤ ያልከፈለ ቤቱ ይታሸጋል!" አሉ።

ሰዉ ሲያጉረመርም ጊዜ ፈገግ ብለው ወጥመዳቸውን ዘረጉ።

"እስቲ እንተማመን። ከተማችን አድጓል ወይስ አላደገም? አላደገም የሚል እጁን ያውጣ!"

ማን ደፍሮ! አላደገም ማለት ከሹም መጣላት ነው፤ አድጓል ማለት ደግሞ መክፈል። 

ከኋላ፣ ከአንዲት ጎጆ በቀር ሌላ የሌላት አንዲት እናት ተቀምጣለች። ያን ሰሞን ልጇን ጡት ልታስጥል ሬት ተቀብታ ነበርና፣ ልጅቷ የእናቷን ደረት እየጎተተች ትነጫነጫለች። እናትየዋ እሷኑ አቅፋ ብድግ አለች።

"አድጓል፣ ጌታዬ።"

"ጎሽ! ሰማችሁ?"

"ትንሽ ሳለ ወተቱንም፣ እህሉንም፣ ማገዶውንም ከዚሁ ተሸክመን እየወሰድን እኛው ነን ያሳደግነው። ይኸው ዛሬ ፎቅ አወጣ።"

"እሱን እኮ ነው የምለው! ታዲያ ያደገ ከተማ ምን ያደርጋል?"

"ያደገማ እናቱን ይጦራል፣ ጌታዬ" አለች፣ ነጠላዋን ሰብሰብ እያደረገች። "ይህን ያህል አድጎ ተመልሶ ጡት ካማረው ግን፣ እኛ ሰፈር ሬት ነው የምንቀባለት።"